የመጽሐፍ ማጫወቻዎች ጠጋኝ የነበሩት የ«ዶክተር ብሎን» የሕይወት ታሪክ

በሥራ ባልደረቦቻቸውና በአንባቢዎቻቸው ዘንድ «ዶክተር ብሎን» በሚል ስም የሚታወቁት ውድ አባታችን ከአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ጥቅምት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከእናታቸው የስፌት ሱቅ በስተጀርባ ባለችው፣ አራት ሜትር በሦስት በሆነችው ክፍል ነው። አዋላጇ ሰዓቱን ስላልመዘገበች «ከምሳ በኋላ» ከሚለው የእናታቸው ምስክርነት በቀር ሌላ መረጃ አልተገኘም። ይህ ጉድለት ዕድሜ ልካቸውን ሲከነክናቸው ኖሯል።

እናታቸው ዓይናቸውን ከስፌት መኪናው መርፌ ማንሳት ስለማይችሉ፣ የደንበኞችን ልክ ከደብተር ላይ ጮክ ብሎ የማንበቡ ሥራ ፊደል ከለዩ ጊዜ ጀምሮ የእሳቸው ሆነ። በስምንት ዓመታቸው የአንድ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ሱሪ ርዝመቱ ዘጠና አራት የሆነውን አርባ ዘጠኝ ብለው አነበቡት። እናታቸው የልጅ ሱሪ መስሏቸው ቆረጡት። ሰውየው ሊለካ መጥቶ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሲቀር ጊዜ፣ «እትዬ፣ እንግዲህ እግሬን ከየት ልቁረጠው?» ብሎ ጠየቀ። ጨርቁ ባክኖ አልቀረም፤ ጠብቦ ለአንባቢው ለራሳቸው ተሰፋና ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ለበሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእናታቸው ትእዛዝ ማንኛውንም ቁጥር ሁለት ጊዜ መጥራት ግዴታቸው ሆነ። ልማዱ እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። በቅርብ ዓመታት እንኳ ዳቦ ቤት ገብተው «ስድስት ዳቦ፣ ስድስት» ሲሉ አዲስ የተቀጠረች ሻጭ አሥራ ሁለት አስይዛ ልካቸዋለች። ዳቦው ለምን እንደበዛ ቤት ሲደርሱ እናታችን አስረድታቸዋለች።

ከ1952 እስከ 1959 ዓ.ም. በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ተጠብቆ የቆየው የመጨረሻው የውጤት ካርዳቸው በሒሳብና በእጅ ጽሕፈት የላቀ ውጤት ያሳያል። በስፖርት ትይዩ ግን መምህሩ «ይሮጣል፤ ነገር ግን እርምጃውን ስለሚቆጥር ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል» ብለው ጽፈዋል።

በ1960 ዓ.ም. ከአንድ የእጅ ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ገብተው አሥር ዓመት ሠሩ። ወረንጦና ካቻቢቴ መያዝ የተማሩት በዚያ ነው። ከዚያው ሱቅ አንድ ሌላ ሥርዓት ይዘው ወጡ። ተጠግኖ የሚወጣ ሰዓት ሁሉ ሲመጣ እንዴት እንደነበረ፣ ውስጡ ምን እንደተገኘና ምን እንደተደረገለት የሚገልጽ ቁራጭ ወረቀት ይያያዝለት ነበር።

በመስከረም 1970 ዓ.ም. ማየት ለተሳናቸውና መጽሐፍ ይዘው ገጽ መግለጥ ለማይችሉ አካል ጉዳተኞች፣ በካሴት የተነበቡ መጻሕፍትን ከነማጫወቻቸው የሚያውሰው ቤተ መጻሕፍት የጥገና ሠራተኛ አድርጎ ቀጠራቸው። ማጫወቻዎቹ ሁለት መቶ አርባ ነበሩ። የሥራ ክፍላቸው ምድር ቤት ሲሆን፣ ብቸኛው መስኮት ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ስለነበረ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያዩት ጫማውን ነው። የሥራ አስኪያጁ ቡናማ ጫማ ካለፈ በኋላ በሩ እስኪንኳኳ ሃያ ሁለት እርምጃ እንደሚቀር ያውቁ ነበር። በግራ በኩል ያለው መደርደሪያ «የታመሙ»፣ በቀኝ በኩል ያለው «የዳኑ» ይባል ነበር። ከማጫወቻዎቹ አርባዎቹ ተለዋጭ ነበሩ፤ የአንባቢ ማጫወቻ ለጥገና ሲገባ ከእነዚህ አንዱ ይላክለታል። ተለዋጭ ሲተርፍ ደግሞ ተራ ለሚጠብቅ አዲስ አንባቢ ይሰጣል። ይህ ደንብ በኋላ ስለሚያስፈልገን እዚህ ላይ ልብ ይባል።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በሰዓት ቤቱ ሥርዓት መሠረት ከእያንዳንዱ የተጠገነ ማጫወቻ ጋር በጥሩ የእጅ ጽሕፈት የተሞላ ወረቀት ይልኩ ነበር። በአራተኛው ሳምንት አንድ ዓይነ ስውር አንባቢ ስልክ ደወሉ። «ጌታዬ፣ ወረቀት ልከውልኛል። ዳስሼዋለሁ፤ በጣም ጥሩ ወረቀት ነው። መጥተው ያነቡልኛል ወይስ እኔ አምጥቼ ላስነብብዎት?» አሏቸው። አባታችን ይህን ሲያወሩ ከአርባ ዓመት በኋላም ጆሯቸው ይቀላ ነበር። በማግስቱ ወረቀቱን ትተው ሪፖርቱን በካሴት መቅዳት ጀመሩ። ከተረፉት አንዱ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ማጫወቻ ቁጥር አንድ መቶ አሥራ ሰባት፣ አንድ መቶ አሥራ ሰባት። ሲመጣ ድምፁ ይጎተት ነበር። ሲከፈት ላስቲኩ ላልቶ ተገኝቷል፤ በአዲስ ተቀይሯል። ካሴቱን የሚያነበው ሄድ በአልኮልና በጥጥ ጸድቷል። በተጨማሪ የተገኙ፦ የስኳር ፍሬ ሦስት፣ ሦስት። የሸሚዝ ቁልፍ አንድ፣ አንድ፤ ነጭ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፤ ከካሴቱ ጋር ተመልሷል። የድመት ፀጉር፤ ብዛቱ አልተቆጠረም። ድመቷ ማጫወቻው ላይ እንደምትተኛ ይገመታል። ሙቀቱን ወዳው ስለሆነ አልፈርድባትም፤ ለእሷ ሌላ ሞቃት ቦታ ቢፈለግላት ጥሩ ነው። ደህና ያንብቡ።»

ሪፖርቱ ከሁለት ደቂቃ በልጦ አያውቅም። ቀልድ የመጨመር ሐሳብም አልነበራቸውም፤ ያገኙትን ብቻ ነው የተናገሩት። «ዶክተር ብሎን» የሚለውን ስም ያወጡላቸው በአደጋ ምክንያት ሁለት እጃቸው የማይታዘዝላቸው የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። አባታችን ሹፌሩ በአፋቸው በሚይዙት እንጨት ማጫወቻውን ማዘዝ እንዲችሉ በመጫኛ ቁልፎቹ ላይ የጠርሙስ ክዳን አጣብቀውላቸው ነበርና፣ «ይሄ ሐኪም ነው እንጂ ጠጋኝ አይደለም» አሉ። ስሙ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሕንጻውን አዳረሰ።

በ1976 ዓ.ም. ግን ችግር መጣ። ቀድሞ በወር ከሃያ የማይበልጠው የታመመ ማጫወቻ በሰኔ ወር ስድሳ ሦስት ደረሰ። ተለዋጮቹ በሙሉ በጥገና ምክንያት ወጡ። ተራ የሚጠብቁት አዲስ አንባቢዎች ሃምሳ ስምንት ሆኑ፤ ከመካከላቸው ሁለት ዓመት የጠበቁ ነበሩ። ቡናማው ጫማ በመስኮቱ አለፈ። ሥራ አስኪያጁ የያዙት ደብዳቤ ጥገናው በስድስት ወር ውስጥ ካልተሻሻለ ክፍሉ ተዘግቶ ሥራው ለውጭ ድርጅት እንደሚሰጥ፣ ጠጋኙም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደሚዛወሩ ይገልጽ ነበር። «እኔ ብሎን አላውቅም፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ። የዳነ ዕቃ ተመልሶ አይታመምም» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

አባታችን በዚህ አልተከራከሩም፤ ቁጥሩ ትክክል ነበር። ይልቁንም ስድስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን ማጫወቻ ሁለት ጊዜ መረመሩ። በወር ውስጥ ከገቡት ስድሳ ሦስት መካከል በአርባ አንዱ ምንም ብልሽት አላገኙም። ይህ እፎይታ ሊሰጣቸው ሲገባ እንቅልፍ ነሳቸው። በእሳቸው አስተሳሰብ ብልሽት ካልተገኘ የሚጎድለው የፈላጊው ዓይን ነው። ከማጫወቻዎቹ ጋር የሚመጣው ቅጽ «የብልሽቱ ዓይነት» የሚል ቦታ አለው። በዚያን ወራት በዚህ ቦታ ላይ «ድምፁ ያዘነ ይመስላል»፣ «ሰኞ ሰኞ ይደክመዋል»፣ «መጽሐፉ አስቂኝ ሲሆን እየመረጠ ይቆማል» የሚሉ ቅሬታዎች ተሞልተው ይገኛሉ። የሹፌሩ ቅጽ «ሦስተኛ ማርሽ አይገባለትም» ይላል። አባታችን የዚህን ማጫወቻ፣ የቁጥር 88ን፣ ሆድ አምስት ጊዜ ከፈቱ። በመጨረሻም ጤነኛ ሞተር አውጥተው ሌላ ጤነኛ ሞተር ከተቱለት። ለእያንዳንዱም በሐቀኝነት ሪፖርት ቀዱ፦ ተፈልጎ አልተገኘም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከደገመው ይላኩት።

ደገመው። ላኩትም።

መስከረም 19 ቀን 1977 ዓ.ም. ማጫወቻ ቁጥር 173 ገባ። አንባቢዋ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር የነበሩ ዓይነ ስውር ሴት ሲሆኑ፣ ቅጹን ራሳቸው በጽሕፈት መኪና ያለ አንድ ስህተት ሞልተውታል። በብልሽቱ ዓይነት ትይዩ የተጻፈው እንዲህ ነው፦ «ምንም አልተበላሸም። ሪፖርቱን ለመስማት ነው።»

አባታችን ቅጹን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም የአርባ አንዱን ቅጾች አውጥተው በጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ነገሩ ገባቸው። ሰዎቹ ጤነኛ ማጫወቻ የሚልኩት ስለ ማጫወቻቸው፣ ስለ ድመታቸውና ስለ ሸሚዝ ቁልፋቸው አንድ ሰው በቁም ነገር ሲናገር ለመስማት ኖሯል። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ ያሰቡት ተራ የሚጠብቁትን ሃምሳ ስምንቱን ነው። ሃምሳ ስምንት ሰው መጽሐፍ ሳያነብ የተቀመጠው በእሳቸው የሁለት ደቂቃ ወሬ ምክንያት መሆኑን በጽሑፍ አስፍረው፣ በራሳቸው እግር ሃያ ሁለቱን እርምጃ ወጥተው ለሥራ አስኪያጁ ሰጡ። ሥራ አስኪያጁ አንብበው ሲጨርሱ፣ «ታዲያ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዝም ማለት» አሉ።

በጥቅምት ወር ሪፖርቱ ቆመ። የታመሙት ማጫወቻዎች ወዲያው ወደ ሃያ ሁለት ወረዱ፤ ስልኩ ግን ማረፍ አቃተው። ሹፌሩ «ዶክተሩ ሞቱ እንዴ? ሞተውም ከሆነ በምን እንደሆነ በቴፕ ይላክልን» አሉ። ስልክ ተቀባዩ ይህን መልእክት እንደ ወረደ ጽፎ በአባታችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። በኅዳር መጀመሪያ የስልክ ኦፕሬተሯ ራሳቸው ደወሉ።

«የዋሸውን ይቅጡ፤ መብትዎ ነው» አሉ። «እኔ ግን እውነቱን ጻፍኩ። እኔን በምን ጥፋቴ ነው?»

«በምንም» አሉ አባታችን። «በምንም።»

ቁጥር ያልሆነ ነገር ሁለት ጊዜ ሲናገሩ ያ የመጀመሪያቸው እንደነበር በኋላ ተናግረዋል። ኦፕሬተሯም ስልክ ሲያገናኙ የኖሩ ሰው ናቸውና መላ ይዘው ነበር የደወሉት። «እኔ ለአንድ ሺህ ሰው አንድ አንድ ጊዜ ከመናገር ለሁሉም አንዴ መናገርን የተማርኩት ከሥራዬ ነው። በወር አንድ ጊዜ ለሁሉም ይቅዱ፤ ከመጽሐፉ ጋር ይላክ። ያን ጊዜ ማን ጤነኛ ዕቃ ታሞብኛል ይላል?» አሉ። ሥራ አስኪያጁ በወር የሚገቡት ከሃያ አምስት እስካልበለጡ ድረስ ፈቀዱ።

የመጀመሪያው ወርሃዊ ሪፖርት በጥር 1977 ዓ.ም. ወጣ። ርዝመቱ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። የማንም ስም አይጠራም፤ ቁጥር ብቻ። አንባቢው የራሱን ቁጥር እስኪሰማ የሌላውን ሁሉ ያዳምጣል፤ በዚህ ምክንያት ቁጥር 117 ዘንድ ድመት መኖሯን፣ ቁጥር 60 ማጫወቻቸውን ከአልጋ በግራ በኩል እንደሚጥሉት የማያውቅ አልነበረም። በዚያ ወር ሃያ አንድ፣ በሚቀጥለው አሥራ ዘጠኝ፣ ከዚያም ሃያ ሦስት ማጫወቻዎች ገቡ፤ ሃያ አምስት አልሞላም። በመስከረም 1978 ዓ.ም. ተራ ጠባቂዎቹ አሥራ አንድ ብቻ ቀሩ። ክፍሉም አልተዘጋም።

ሚያዝያ 26 ቀን 1978 ዓ.ም. አባታችንና የስልክ ኦፕሬተሯ ተጋቡ። የጋብቻ ጥያቄው ሁለት ጊዜ መቅረቡን እናታችን ትመሰክራለች፤ የመጀመሪያውን ሰምታዋለች፣ ሁለተኛውን ለመስማት ብላ ነው ዝም ያለችው። ከሹፌሩ የመጣው የደስታ መግለጫ በጥገና ቅጽ ላይ የተጻፈ ሲሆን «ማርሹ ገብቷል» ይላል። ትዳሩ እናታችንን በሥራ በኩል ምንም አልጠቀማትም። ማጫወቻዋ ሲበላሽ እንደማንኛውም ሰው ቅጽ ሞልታ፣ ተለዋጭ ወስዳ፣ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ካቻቢቴው እዚህ፣ ማጫወቻው እዚህ፣ አንተ እዚህ» ስትል «ወረፋው ግን እዚያ ነው» ይሏት ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን፣ በ1983 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸውን ወለዱ። ከጥር 1977 እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ባሉት አራት መቶ ሃያ ሦስት ወራት ወርሃዊው ሪፖርት የቀረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ልጅ የተወለደባቸው ወራት ናቸው። ልጆቻቸው ይህን በጽሑፍ የተረጋገጠ የአባት ፍቅር አድርገው ይይዙታል። ካሴት ቀርቶ ዲጂታል ማጫወቻ ሲመጣ ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነበር፤ የመጀመሪያውን ከከፈቱ በኋላ «የሚሽከረከር ነገር የለውም» ብለው አንድ ቀን ሙሉ አዘኑ፣ በሁለተኛው ቀን መማር ጀመሩ። በ2005 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጡም በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ምድር ቤቷ መውረዳቸውን አላቋረጡም።

ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት 2012 ካቻቢቴያቸው የብሎኑን ራስ ለማግኘት ሦስት ጊዜ መሞከር ሲኖርበት፣ መሣሪያዎቻቸውን የሬዲዮ ጠጋኝ ለነበረችው ተተኪያቸው አስረከቡ። በመጨረሻው ሪፖርታቸው ማብቂያ ላይ ይህን ጨመሩ፦ «ጠጋኝ፣ ብዛት አንድ፣ አንድ። ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጣል። ጆሮ ደህና ነው። መለዋወጫ አልተገኘም። ደህና ያንብቡ።»

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ይዘው ገጽ መግለጥ አቃታቸው። እንግዲህ ደንቡ ለእሳቸውም ሠራ። በ2013 ዓ.ም. እንደ አዲስ አንባቢ ቅጽ ሞሉ። ተራቸው አሥራ አራተኛ ነበር። ተተኪያቸው «ጋሼ፣ እባክዎ፣ አንዱን ዛሬ ይውሰዱ» ብትላቸው ደብዳቤ ጽፈው ገሠጿት፤ አምስት ወር ጠብቀው ማጫወቻ ቁጥር 309 ደረሳቸው። ተተኪያቸው አመላቸውን ስለምታውቅ ከማስረከቧ በፊት በአራቱም ብሎኖች ራስ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጋ አሽጋዋለች። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ስድስት መጻሕፍት አዳመጡበት፤ በየወሩ መጀመሪያም የተተኪያቸውን ሪፖርት ከእናታችን ጋር፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር እየጠበቁ ይሰሙ ነበር። አንድ ጊዜም ወደ ጥገና አልላኩትም። ሊልኩት ሲፈልጉ እናታችን ታውቅባቸው ነበር፤ ማጫወቻውን አገላብጠው ያዩትና መልሰው ያስቀምጡታል። «ተራ የሚጠብቅ አለ» ይሉ ነበር።

ሕመማቸው በዚህ ዓመት ከየካቲት ጀምሮ ጸንቶባቸው በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተው፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ቤተሰቦቻቸው በተሰበሰቡበት አረፉ። ሰዓቱ በሁለት ሰው ተመዝግቧል።

ማጫወቻው ከቀብራቸው በፊት እንዲመለስ አደራ ብለው ነበር፤ በአሁኑ ጊዜ ተራ የሚጠብቁት ሰባት ሰዎች ናቸው። ሴት ልጃቸው በዚያው ቀን ይዛው ልትወጣ የማጫወቻውን ሣጥን ስትከፍት የተሞላ የጥገና ቅጽ አገኘች። ቀኑ መጋቢት 18 ይላል። ጽሕፈቱ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ይነበባል። በብልሽቱ ዓይነት ትይዩ ያለው ይህ ነው፦ «ምንም አልተበላሸም። ሪፖርቱን ለመስማት ነው።» እናታችን ሲነበብላት ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ እንደገና እንዲነበብላት ጠየቀች።

ተተኪያቸው ማጫወቻውን መርምራ ሪፖርቱን በማግስቱ አድርሳለች። ይህ ንባብ እንዳበቃ በራሱ በቁጥር 309 ይሰማል። ከፊሉ ይህ ነው፦ «ማጫወቻ ቁጥር ሦስት መቶ ዘጠኝ፣ ሦስት መቶ ዘጠኝ። ሁሉም መጫኛዎች ይሠራሉ። በተጨማሪ የተገኘ፦ ሽበት አንድ፣ አንድ። ከአራቱ ብሎኖች የሦስቱ እሽግ እንዳለ ነው። የአራተኛው ተሰንጥቋል፤ ብሎኑ ግን ከእኔ በተሻለ ጠብቆ ታስሯል። ጋሼ፣ ብልሽት ተፈልጎ አልተገኘም።» ከዚያ በኋላ ማጫወቻው እዚሁ በመካከላችን ለሚገኙትና የተራው ባለቤት ለሆኑት፣ ዓይናቸው ለደከመው አናጢ ይሰጣል። አንድ ቀን እንኳ መደርደሪያ ላይ አያድርም።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ከፊት ባሉት ሦስት ረድፎች የተቀመጡትንና በየቤታቸው ሆነው የሚሰሙትን ሦስት መቶ አሥራ ስምንት፣ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት አንባቢዎች ትተው ተለይተውናል።

ለቤተሰባቸውና ለአንባቢዎቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። የሁሉም ጠጋኝ የሆነው ፈጣሪ ነፍሳቸውን ተቀብሎ፣ ከዳኑት ጋር በቀኙ መደርደሪያ ያኑርልን።